የተሰረቀችው ቃል

በሴርጋድ መንግሥት ፀሐይ በቀትር በጠቆረች ዕለት፣ ንጉሥ አርጎድ ከወርቅ የከበረውን ሀብት ሰረቀ፤ ቃል ሰረቀ። ነሐስ ዓይን ያላቸው የሴርጋድ ውሾች «ያዝ» ሲባሉ ይይዛሉ፣ «ሜራ» ሲባሉ ይለቃሉ። እሱ ግን «ሜራ ያለ ምላሱ ይቆረጥ!» ሲል አወጀ። መልቀቅ የማያውቅ ውሻ! ያውም ልጅ በሚሮጥበት አገር! እንዲህ ያለ ጉድ የት ይሰማል?

ቃሉን በድብቅ ሲያስተምር የተገኘው የውሾች መምህር ዶርማ ለገዛ ውሾቹ እንዲጣል ተፈረደበት። ሴት ልጁ ሲራን ጦሯን አነሣች።

«ቁጣሽን ይዘሽ ወዴት ነው?» አሏት አያቷ ድንቄ በሩ ላይ ተገትረው። «ውሻ ከቃሉ በፊት ድምፅሽን ነው የሚሰማው። ተቆጥተሽ ሜራ ብትይው ያዝ ያልሽው ይመስለዋል። ቡችላ ሳሉ እጅሽን አፋቸው ውስጥ ከተሽ ቀስ ብለሽ አልነበር ያስተማርሻቸው?»

«አባቴን ሳላመጣ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!»

«አትማዪብኝ! ይልቅ ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ!»

አልደረበችም።

ወደ ንጉሡ አደባባይ በሚወስደው በጢስ ገደል አፍ ላይ፣ አብሯት የወጣው ጋሻ ጃግሬዋ ቱርማ መንገዱን ከዘጋው የእሳት ዘንዶ ጋር ተናነቀ። «አንቺ ሂጂ!» አላት። «ከአያትሽ ቁጣ ዘንዶ ይሻለኛል!»

እሷ አደባባዩ ስትደርስ ውሾቹ ተለቀው ወደ አባቷ እየከነፉ ነበር። ዘልላ መሐል ገባችና ቀኝ እጇን በመሪዋ ውሻ በወርቂት መንጋጋ ውስጥ ከተተች። አጥንቷ ተሰበረ። ንዴቷን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው፤ እጇንም አልጎተተችም።

«ሜራ፣ ወርቂት። ሜራ፣ የኔ ልጅ።»

መንጋጋው ተከፈተ። ሌሎቹም ውሾች ባሉበት ቁጭ አሉ። የሲራን ጣቶች ግን መሬት ላይ ቀሩ።

«ያዝ ብያለሁ!» ብሎ ንጉሡ ወርቂትን በእርግጫ መታት። ዘወር ብላ ክንዱን ያዘችው።

«በሕግ አምላክ! ሜራ! ሜራ!» ብሎ ጮኸ፣ ራሱ ያገደውን ቃል። በጮኸ ቁጥር ጥርሷ ጠለቀ።

«ዝም በዪ! ትብላው!» አለ ሕዝቡ።

ሲራንም ዝም ለማለት ልቧ ከጅሎ ነበር። ተነፈሰች። «ሜራ» አለች በለሆሳስ፤ ወርቂትም ለቀቀችው። ከዚያ ንጉሡን አየችው፦ «ለአንተ ብዬ አይደለም። የእሷ አፍ እንዳይረክስ ነው።»

ሕዝቡም አርጎድን በዚያው ቀን ከዙፋኑ አወረደው፤ ዶርማም ተፈታ። ከቱርማ ግን ከገደሉ የወጣው ጋሻው ብቻ ነበር።

ድንቄ የሲራንን ቁስል ሲያስሩ ተቆጡ፦ «ጋቢውንም ሳትደርቢ! አሁን በምን እጅሽ ልታስተምሪ ነው?»

ሲራን የወርቂትን ቡችላ ወደ ጭኗ ሳበችና ግራ እጇን ዘረጋችለት።