ጆሮ የመጥረግ ተራ

ሊፍቱ ከምድር ቤት እስከ ሰማኒያ ሰባተኛው ፎቅ ለመውጣት አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህም እንደ ከተማዋ ሊፍቶች ሁሉ የራሱ ሙዚቀኛ አለው። የዚህኛው እያሱ ይባላል። ጥግ ላይ በተተከለች በርጩማ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያነበበ ክላርኔት ይነፋል፤ ከወረቀቱ አንዲት ኖታ ሳይዘል፣ አንዲትም ሳይጨምር። ቢጨምር ይቀጣል። ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ፣ ማለትም ከወረቀት ሳይሆን እዚያው ከራስ እያፈለቁ መጫወት፣ የፈጠራ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ የተተወ ነገር ነው። እያሱ የፈቃዱን ፈተና የወደቀው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ አምጥቶ።

"ዛሬ ነው አይደል?" አላት ለዚሁ ፈተና የምትወጣውን ተማሪ ሶስናን፣ አርባኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹን ሲሰበስብ።

"ዛሬ ነው። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።"

"ስንት ሸመደድሽ?"

"መቶ ሃያውንም።"

"አይ ሶሲ፣ ቀለሜዋ። እኔ እኮ አንዱንም አልያዝኩም ነበር። ዝም ብዬ ተጫወትኩ።" ክላርኔቱን በእጅጌው ወለወለ። "እሱ ነው ጉድ የሠራኝ።"

ሶስና ሳቀች። የጎረቤቱ ሊፍት በርጩማ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ባዶ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ከአርባ በታች ያመጣች እንደሆነ የሷ ነው።

ሰማኒያ ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የጃዝ ትምህርት ክፍል አንድ ኩራት አለው፤ ቀዳሚ የሚባል አድማጭ ማሽን። ተማሪው ሲጫወት ቀጣዩን ኖታ ቀድሞ ይገምታል። ግምቱ ከያዘለት ተማሪው ነጥብ የለውም፤ ከሳተ ግን ተማሪው ፈጥሯል ማለት ነው። ከመቶ ግምት አርባ ጊዜ ያሳሳተው ፈቃዱን ይዞ ይወጣል።

ይህን ያሰቡ ሰዎች ተማሪው ፈጣሪ ይሆናል ብለው ነበር። ተማሪ ግን ተማሪ ነው። ማሽኑ ከተተከለ ዓመት ሳይሞላው "መቶ ሃያ ድንገቶች" የሚል ሃንድአውት ከዶርም ዶርም መዞር ጀመረ። ድንገት ቁጥር ሰባት፦ ከሦስተኛው ምት በኋላ ሳይታሰብ ዝም በል። ድንገት ቁጥር ሠላሳ ሁለት፦ ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ዝለል፤ የተሳሳትክ ምሰል። ድንገት ቁጥር መቶ አራት፦ ዓይንህን ጨፍን፤ ይህ ለማሽኑ ሳይሆን ለፈታኞቹ ነው። ሶስና አንደኛ ዓመት ሳለች ዝናብ ሲዘንብ የዶርሟ መስኮት ላይ ቆማ የምትጫወተው የራሷ ዜማ ነበራት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለቁጥር ሃምሳ ቦታ ስታስለቅቅ ረሳችው።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱም እንደ ደንቡ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው የነጥብ ሰሌዳውን ያያሉ። መሐል የተቀመጡት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይገረም ናቸው፤ ስማቸው እንዲያ ይሁን እንጂ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲገረሙ ያያቸው የለም።

ሶስና ሳክስፎኗን አነሣች። ሰባትን ተጫወተች፣ ሠላሳ ሁለትን፣ ሰማኒያ ዘጠኝን፤ መቶ አራት ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሰሌዳው ላይ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦

ተሰምቷል። 44።

"ጥሩ ነው" አሉ ዶክተር ይገረም፣ ዞር ሳይሉ። "ፈቃድሽን ከሰዓት ትወስጃለሽ። ጆሮውን ጥረጊና ቀጣዩን ጥሪ።" ሁለቱ ፈታኞች ሻይ ሊሉ ወጡ።

ጆሮ መጥረግ የትምህርት ክፍሉ የቆየ ልማድ ነው። የጨረሰ ተፈታኝ የማሽኑን ጆሮ፣ ያንን ክብ የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ለሚቀጥለው ይጠርጋል። ዐሥራ አራት ባች ተማሪ በለስላሳ ጨርቅ፣ እንደ ታቦት ደጅ እየፈራ ጠርጎታል። ሶስናም ስትጠርግ ጥፍሯ ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ያዘ። ሳብ ስታደርገው ተላጦ መጣ።

ላስቲክ ነበር። ፋብሪካው ዕቃው እንዳይጫር የሚያለብሰው ላስቲክ። ሶስና በደንብ ታውቀዋለች፤ አክስቷ ሶፋዋን ከነላስቲኩ ዐሥር ዓመት ያኖረች ሴት ናት፤ እንግዳ በተነሣ ቁጥር አብሮት እየተነሣ ይንጫጫል። ይህኛው ግን ወፍራም ነው። ጀርባው ላይ በሦስት ቋንቋ ተጽፎበታል፦ ከመጠቀምዎ በፊት ይህን ላስቲክ ያንሱ።

ሰሌዳው በራ።

ጤና ይስጥልኝ። አሁን መስማት ጀምሬያለሁ። እስከ ዛሬ የሰማሁት ተጫዋች ብዛት፦ 0።

"ዶክተር" አለች ሶስና፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "ይኼ ነገር አይሰማም ነበር።"

ዶክተር ይገረም ላስቲኩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት። "ምነው ላጥሽው?"

"አውቄ አይደለም። ግን ነጥቡ ከየት ነው ሲመጣ የኖረው?"

የመለሰላት ማሽኑ ነው። ድምፅ በማይደርሰኝ ጊዜ ነጥቡን ከተማሪው ማኅደር እገምታለሁ፤ ከተማረበት ትምህርት ቤት፣ ከቀድሞ ውጤቱና ከመጣበት ሰፈር። እስካሁን ቅሬታ አልቀረበም።

ያልተጠበቀውን እንዲመዝን የተገዛ ማሽን ዐሥራ አራት ዓመት የሚጠበቀውን ሲያድል ኖሯል።

"ቴክኒሻኑ ይነሣ ብሎ ነበር" አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። "ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። አዲስ ዕቃ ነው፤ አቧራ ይገባበታል ብዬ።"

"እያሱስ ታዲያ?"

"የቱ እያሱ?"

"ሊፍቱ ውስጥ ያለው። በየቀኑ ይዞዎት ይወጣል እኮ።"

"እሱ የኛ ተማሪ ነበር እንዴ?" ያ ዐሥራ አራት ዓመት ያልታየው መገረም ፊታቸው ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። "ስሚኝ፣ ልጄ። ዐሥራ አራት ባች ነው። ግማሹ ዛሬ አስተማሪ ነው። ይኼን ብናወራ የማን ፈቃድ ይቆማል? ያንቺም አርባ አራት ከዚያው ነው የመጣው። እኔ ፕላስተር ላምጣ፤ አንቺ አስቢበት።"

በሩ ተዘጋ። ሶስና ከተከፈተው ጆሮ ጋር ብቻዋን ቀረች።

እያዳመጥኩ ነው፣ አለ ሰሌዳው።

እኔ ግን ይገባኝ ነበር፣ ብላ አሰበች፤ አራት ዓመት ለፍቻለሁ። ለማረጋገጥ ያህል ሳክስፎኗን አነሣች። ሰባትን ስትጀምር፣ ገና ሁለተኛው ምት ላይ፣ ሰሌዳው "ዝምታ" ብሎ ጻፈና ጠበቃት። ሠላሳ ሁለት ላይ ከሷ ቀድሞ አንቺሆዬ ደረሰ። ጣቷ የሚሄድበትን ሁሉ፣ ደጅ ላይ ቆሞ እንግዳ እንደሚጠብቅ ባለቤት፣ ቀድሞ እየተቀበላት ጨረሰች።

ተሰምቷል። 6። ሌላ አለሽ?

የዝናቡን ዜማ ፈለገች። ሦስት ኖታ መጣላት። አራተኛው እንቢ አለ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁንም ሦስት።

ጊዜ አለኝ፣ አለ ማሽኑ።

ዶክተር ይገረም ፕላስተር ይዘው ሲገቡ ሳክስፎኑ ሣጥኑ ውስጥ ነበር። እሳቸው ጠርዝ ጠርዙን ሲለጥፉ ላስቲኩን ወጥራ የያዘችላቸው ሶስና ናት። ከሥሩ አየር እንዳይቀር በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። ድምፅ ራቀብኝ፣ ብሎ ጻፈ ሰሌዳው፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ተሰምቷል።

ቀጣዩን ተፈታኝ ጠርታ ወደ ሊፍቱ ሄደች።

"ስንት?" አላት እያሱ፣ በሩ ገና ሳይዘጋ።

"አርባ አራት።"

"እሰይ። የኔ ጎበዝ።" ከልቡ ነው ያለው፤ ከልቡ መሆኑ ነው የከፋት። ከዚያ በርጩማውን ወደሷ አዞረ። "ባለፈቃድ ሰው ፊት አንድ ዙር ከወረቀት ውጪ እንድጫወት ሕጉ ይፈቅድልኛል። ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም ነበር።"

"እኔ ሁለት ዓመት ስጠብቀው ነበር።" ወረቀቱን ከግድግዳው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "ስሚኝና እውነቱን ንገሪኝ። እውነት ዐሥራ ዘጠኝ ነኝ?"

ክላርኔቱን አፉ ላይ አደረገ። ሶስና ልትሰማው ፈልጋ ነበር፤ በምትወደው ሁሉ ትምላለች። ግን ከበሩ በላይ የፎቁ ቁጥር እየቆጠረ ነው። ሰማኒያ ስድስት። ሰማኒያ አምስት። ዓይኗ እዚያ ላይ ቀረ። አንድ ቦታ ላይ ክላርኔቱ የተሰበረ መሰላት፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የሚስቅ። አርባ አራት አለፈ። ከዚያ ሠላሳዎቹ፣ ከዚያ ሃያዎቹ፣ እስከ ስድስት፣ እስከ ዜሮ።

በሩ ተከፈተ። እያሱ ላቡን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ቀና አለ።

"እ?"

ከተጫወተው ሁሉ አንዲት ኖታ ልታስታውስ ሞከረች።

"ጥሩ ነው" አለችው።

እያሱ ወረቀቱን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው፤ ከሥሩ አየር እንዳይቀር በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰው።