የቀለም ሽታ አይደለም

«ጠበቅ አድርገሽ ያዥው እንጂ፤ ምን ታፈጫለሽ?»

አባቷ መሰላሉ ላይ ቆሞ ኮርኒሱን ለመቀባት ቀና ሲል ዓለም ዞረችበት። ብሩሹ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተለጠፈ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መሰላሉን አቀፈ። ከጀርባው የቤቱ ደረጃ አሥራ አራት እርከን ቁልቁል ይወርዳል። ልጅቷ መሰላሉን በደረቷ ደግፋ በልቧ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስምንት ላይ ስትደርስ ዓይኑን ገለጠ።

«አለፈ» አለ እየወረደ። ፊቱ እንደቀባው ግድግዳ ነጥቷል። «ይሄ የቀለም ሽታ ሊገድለኝ ነው። እስቲ ወተቱን አቀብይኝ።»

ቀለም ቀቢ ባልደረቦቹ ሲያዞራቸው ወተት ይጠጣሉ። ሽታውን ከሆድ ጠርጎ ያወጣል ይባላል፤ ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ደግሞ አንድ ሰው ሲያዞረው፣ ያላዞረው ሁሉ ሐኪም ነው። ጎረቤት «ደም ማነስ ነው» አለው፤ አለቃው «እርጅና ነዋ» ብሎ ሳቀበት። ገና አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለት ሳምንት ወተቱን ጠጣ፤ ዓለም ግን መዞሯን አልተወችም። ልጅቷም ቃል አስገብቷት ነበርና ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም።

«አባዬ፣ የቀለም ሽታ አይደለም።»

«መጣች ሐኪሟ።»

«ጠዋት ስትገላበጥ ፍራሹን ጨብጠህ አየሁህ። አልጋህ ቀለም ይሸታል እንዴ?»

ወተቱን ሳይጠጣ ከአፉ አራቀው።

«ቀና ስትልና ስትገላበጥ ነው የሚይዝህ፤ ደቂቃም ሳይሞላ ይለቅሃል። የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ አሉኝ። እዚያ ያሉ ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ሲንሸራተቱ እንዲህ ያዞራል። እሱ ከሆነ ሐኪም ጭንቅላትህን በዘዴ አዟዙሮ ይመልሳቸዋል። ካልሆነም የሆነውን ይነግርሃል።»

«ጭንቅላትህ ውስጥ ጠጠር አለ ነው የምትይኝ? እናትሽ ድሮም ትጠረጥር ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም እየሳቀ ብሩሹን ከወለሉ አነሳ።

«አታካብጂው። ይቺን ጨርሼ እሄዳለሁ። በይ ያዥልኝ።»

እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መሰላሉ ላይ የወጣው፣ ከትምህርት መልስ እሷ ስለያዘችለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን እምቢ ብትለው ኖሮ ማን ይይዝለት ነበር? በእሱ ተናድዳ ነበር፤ አሁን ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ።

መሰላሉን አጠፈች። ወለሉ ላይ አጋደመችውና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሽ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የሰፈሩ ክሊኒክ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው።»

«አለቃውን ምን ልበለው?»

«አዞረኝ በለው። ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ።»

አባቷ የቀረውን ኮርኒስ ሊያይ ቀና ማለት ጀመረና ተወው። ጨርቁን አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርግ ጀመር። እሷ ከመሰላሉ ሳትነሳ ጠበቀችው።