ክዳን የተገጠመበት መረቅ

አዛውንቱ ጂ ዩዋንፉ በምግብ ቤታቸው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የሠሩት አብሳይ ሉዎ ሲሆኑ፣ ቀኑ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሐኪሙ ከኋላ በከባድ ነገር ተመትተው መውደቃቸውን፣ ይህም ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን ተናገረ።

እኛ የዮዜፍቫሮሽ ሰፈር ሰዎች እስከ ረፋዱ በሩን ሞላነው። ስለ ሟቹ የተናገረ ግን አንድም አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ ቤቱ ለማን ይቀራል የሚል ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ አንድ ቻይናዊ አዛውንት ሲሞት ሁላችንም አፍረተ ቢስ እንሆናለን።

መርማሪ ፓን ሩይ መሐላችንን ሰንጥቃ ገባች። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ ገበያው ውስጥ ኑድል እየሸጡ አሳድገዋታል። ወራሽ የሚባል ፍጡር አይታ የወደደችበት ቀን የለም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ባልደረባዋ ሃምሳ አለቃ ቦርቤይ። «ልጅየዋ ናት። እሁድ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ሳህን ወርውራለች። ሰኞ ማታ ብቻዋን ነበረች። ካቴናውን ላምጣ?»

«ማታ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«በመረቁ ነዋ!»

የጂ ዩዋንፉን ምግብ ቤት ያስከበረው ይህ መረቅ ነው። አዛውንቱ ቻይና ካለችው አገራቸው ከቺንግቲያን በእንስራ ይዘውት መጡ፤ ሥጋ ይበስልበታል፣ ይሞላል፣ አይደፋም። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ፣ ቤቱ በሚዘጋበት ሰኞም ጭምር፣ ራሳቸው ያፈሉታል። ዛሬ ጠዋትም መረቁ ፈልቶ፣ ስቡ ተገፍፎ ተገኝቷል። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

ፓን ሩይ ብቻዋን ወጥ ቤት ገብታ የማሰሮውን ክዳን አነሳች። ሽታው ይኮመጥጣል። መልሳ ገጠመችው።

በመጀመሪያ ያነጋገረቻት ታላቋን ልጅ ሱሊያንን ነበር። ሱሊያን ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ምድጃ ሥር ያደገች፣ ክንዷ በዘይት የተጠበሰ ሴት ናት።

«እሁድ ምን አጣላችሁ?»

«ቤቱ ለወንድምሽ ነው አሉኝ። ወንድ ስለሆነ።»

«ሳህኑ መታቸው?»

«ግድግዳውን ነው የመታሁት። እሳቸውን ብፈልግ ኖሮ አልስትም።»

ፓን ሩይ ፈገግታዋን ዋጠች። «ሰኞስ?»

«ቤቱ ዝግ ቢሆንም ጠዋት ለማክሰኞ የሚሆነውን አብረን አዘጋጀን። ከምሳ በኋላ ፎቅ ወጥቼ ተኛሁ። ማንም አላየኝም።»

አብሳዩ ሉዎም ምስክር የላቸውም፤ ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። «ክዳኑን እሁድ ማታ ራሴ አጥቤ ሰቀልኩት» አሉ። «ዛሬ ሬሳውን አይቼ ሮጥኩ እንጂ ወጥ ቤት አልገባሁም።»

ታናሽየው ዠንሃይ ራሱን በሃንጋሪኛ ስም ታማሽ ብሎ ነው የሚጠራው። ወላጆቹ ከምድጃ ሳይነሱ ሲኖሩ፣ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን፣ ማርጊት በተባሉ፣ ለሞግዚትነት በተቀጠሩ የሃንጋሪ አያት እጅ አደገ። ንግድ አስተዳደር ተምሯል፤ አስተዳድሮ ያሳየው ነገር ግን ጸጉሩን ብቻ ነው። ሻይ ቀረበለትና ብርጭቆውን ይዞ ቁጭ አለ።

«የመረቁን አያያዝ ታውቃለህ?» አለችው።

«እንዴት አላውቅም? ወራሹ እኮ እኔ ነኝ። ያፈሉታል፣ ስቡን ይገፍፉታል፣ ከዚያ ወዲያው ጥብቅ አድርገው ይከድኑታል። ንጽህና ነው። ማርጊት አያቴ ሾርባ ክፍት አትተውም ነበር።»

«ጎበዝ። ወጥ ቤት መቼ ገባህ?»

«ከአዲስ ዓመት ወዲህ እግሬ አልረገጠውም። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። ሰኞም ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ ሠላሳ ሰው ይመሰክራል።»

ፓን ሩይ ብርጭቆውን ለሃምሳ አለቃው ሰጥታ ላከችው።

በዘጠኝ ሰዓት ሦስቱን በክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች። ማሰሮውን መሐል አድርጋ ክዳኑን አነሳች። የአብሳዩ ፊት ተቀያየረ።

«ኮምጥጧል! ማን ነው ትኩሱን የከደነው?»

«ሱሊያን፣ ትኩሱ ሲከደን ምን ይሆናል?» አለች ፓን ሩይ።

«እንፋሎቱ ተመልሶ ይወርድበታል። በዚህ በሐምሌ ሙቀት አንድ ሌሊት አይቆይም። የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት እሱን ነው፤ አባቴ እጄን በጭልፋ መትተው ነው ያስተማሩኝ።»

«እንግዲህ ሟቹ አልከደኑትም» አለች ፓን ሩይ። «ትኩሱን የሚከድነው ደግሞ ያፈላው ሰው ነው፤ ስለዚህ እሳቸው አላፈሉትም። ሌላ ሰው ነው ያፈላው። ሰው ገድሎ መረቅ የሚያፈላ ምን ፈልጎ ነው? አዛውንቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ እንዲባል ነው። ይህ የሚጠቅመው ከዚያ ሰዓት በኋላ ምስክር ላለው ሰው ብቻ ነው። ሱሊያን፣ አንቺ ምስክር የለሽም። ጋሽ ሉዎም የላቸውም። ሠላሳ ምስክር ያለው አንድ ሰው ነው፤ ትኩስ መረቅ ይከደናል ያለኝም እሱ ነው።»

«ግምት ነው!» አለ ታማሽ።

«ክዳኑ እሁድ ታጥቧል። ዛሬ ግን መያዣው ላይ ስብ ረግቶበታል፣ ስቡ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከሻይ ብርጭቆህ ጋር አስተያየነው። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ያልረገጥከው ወጥ ቤት ውስጥ ጣትህ ብቻውን ሄዶ ነው?»

ታማሽ ከተቀመጠበት ተነሳ። ዓይኑ በሩ ላይ የቆመውን ሃምሳ አለቃ አየና መልሶ ተቀመጠ።

«ወንዱ ልጅ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠርተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ቤቱ የእህትህ ነው። አንተ እሳት መለኮስ እንኳ አታውቅም።› እኔን! የተማርኩትን!»

ከእኛ ሰፈር ወራሾች ስንቱ እንዲህ እንደሚጮህ እኔ አውቃለሁ፤ የሚለየው ይህኛው በእጁ መግደሉ ነው። ሃምሳ አለቃው ለሱሊያን ያዘጋጀውን ካቴና ለእሱ አጠለቀለት።

ፓን ሩይ ወደ ሱሊያን ዞረች። «ነፃ ነሽ። ቤቱም ያንቺ ነው፤ ሰምተሻል።»

ሱሊያን ግን ወንድሟን ነበር የምታየው።

«ጠዋቱን ሙሉ አጠገባቸው ነበርኩ እኮ» አለች። «ለአንተ ነገሩህ። ለእኔ አንድ ቃል አልነገሩኝም።»

አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያኔ ነው ያለቀሰችው።