የካሴቱ ጥርስ

የትምወርቅ አራቱን የባትሪ ድንጋይ በቆርቆሮው ላይ ደርድራ ፀሐይዋን ትለምናለች። የመንዟ ከተማ የመሐል ሜዳ ፀሐይ በግንቦትም ቢሆን ከብርሃን በቀር የምትሰጠው የላትም፤ ሙቀቷን ነፋሱ መንገድ ላይ ይቀማታል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ እንደሚዘራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ግን የሚያውቅ የለም።

ቤት ውስጥ አባቷ አቶ ጌጡ ጫማቸውን ይጠርጋሉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ላይ ይዘፍናሉ ተብሏል። የሚዘፍነው ግን ካሴቱ ነው። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና የአሥራ አራት ዓመቷ የትምወርቅ ብቻ ናቸው። ቴፑ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ የሚሠራው በእነዚህ አራት ድንጋዮች ነው። ድንጋዮቹን ደግሞ ትናንት የጨረሰቻቸው እሷ ናት፤ ይህን አባቷም አያውቁም።

ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። እሑድ ስለሆነ አብዛኞቹ ሱቆች ዝግ ናቸው፤ የተከፈቱት ሁለቱ ትልቁን ድንጋይ አልያዙም። ብነግራቸው ምን ይፈይዳል እያለች ራሷን አጽናናች። እውነቱ ግን ፈርታለች።

አቶ ጌጡ በአገሩ «ሮክ ጌጡ» ይባላሉ። አንዳንዱ በፍቅር ይለዋል፣ አብዛኛው በፌዝ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከመንዝ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በአንድ የምሽት ክበብ የሌሎችን ዕቃ እየተሸከሙ ጊታር በዓይናቸው ተማሩ። ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ትርጉሙን በማያውቁት እንግሊዝኛ ሮክ ጮኹ። ኋላም በአማርኛ ሞከሩት፤ ሰው ወደደላቸው። አብዮቱ ሲመጣ ክበቡን ሰዓት እላፊ ዘጋው። የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ገብተው አሥራ አምስት ዓመት በጭነት መኪና ላይ ቆመው ለወታደር ዘፈኑ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጊታራቸውን ባና በሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ጠቅልለው በእግራቸው መንዝ ደረሱ።

የመንዝ ሠርግ መሲንቆ ነው የሚያውቀው። የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ያውም መብራት በሌለበት ቀዬ፣ ምን ያደርግለታል? አቶ ጌጡ ግን ሌላ ሙያ አልነበራቸውም። ጭስ በሞላው ዳስ ውስጥ ያለ ማጉያ፣ ከሰካራም ጋር ድምፅ እየተሻሙ ከአሥር ዓመት በላይ ጮኸው ዘፈኑ። ዘፋኝነታቸው አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ድምፃቸው ሻከረ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ጎረቤት «እንጥል ወርዶባቸው ነው» ብሎ እንጥላቸውን አስቆረጣቸው፤ ደም ተፉ እንጂ ድምፅ አልመጣም። ሐኪሙም ጉሮሯቸውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። የትምወርቅ እናትም በሕይወት ስለሌሉ ቤቱ ጸጥ እንዳለ ይውላል።

ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረው አንድ ካሴት ነው። በ1974 በአንድ ጦር ሰፈር የተቀዳ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። በካሴት ጀርባ ላይ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ እነሱ ከተሰበሩ በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። ሱቅ የሚሸጡት የዘፈን ካሴቶች ሁሉ ጥርሳቸው የተሰበረ ነው። የአቶ ጌጡ ግን ሁለቱም ጥርሶች አሉት። ድምፃቸው ሳይጠፋ፣ ጥርሶቹን ያልሰበሩበትን ምክንያት ስትጠይቃቸው በተቀዳበት ቀን ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር ነግረዋታል። «የተሻለ እቀዳበታለሁ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ሃያ ዓመት አለፈ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ቴዎፍሎስ ቤታቸው የመጡት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ስለ ገብሱ ጠየቁ፣ ስለ ውርጩ ጠየቁ፣ የትምወርቅን ውጤት አመሰገኑ። የዘፈን ዳር ዳሩ እስክስታ ነውና መጨረሻ ላይ አወጡት፤ ትምህርት ቤቱ ጋሽ ጌጡን ሊያከብር አስቧልና አንድ ዘፈን ብቻ ቢዘፍኑ። የትምወርቅ አባቷ እምቢ የሚሉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ሻል እንዳላቸው፣ አሁን የሚያንሾካሹኩትም ድምፃቸውን ለዘፈን ሊቆጥቡ እንደሆነ አስረዱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው። እንግዳው ሲሄዱ ልጃቸውን ጠሩ።

«አንድ ጊዜ ሰው ፊት ልቁምና ይብቃኝ» አሏት። «አንቺ ከመጋረጃው ኋላ ቴፑን ትከፍቻለሽ።»

የትምወርቅ መዋሸቱን ጠላችው። ግን የአባቷ ዓይን እንደዚያ ሲበራ አይታ ስለማታውቅ እሺ አለች።

ሲለማመዱ አቶ ጌጡ ዘፈኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ «በቃ፣ ዝጊው» ይላሉ። የራሳቸውን ድምፅ እስከ መጨረሻው መስማት አይችሉም። ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ሲሄዱ ግን የትምወርቅ ለብቻዋ ከፈተችው። በቴፑ ውስጥ ያለው ሰው ወጣት ነው፤ ሲጮህ እንኳ ድምፁ አይሰነጠቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ አጠገቡ ያለ ሰው አንድ ነገር አለውና ሳቀ። ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው። የትምወርቅ አባቷ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም።

አጠንጥና ደገመችው። ካሴት የሚጠነጠነው በእስክርቢቶ እንደሆነ፣ በቁልፉ ከሆነ ድንጋይ እንደሚበላ አባቷ አስተምረዋታል። እሷ ግን ቸኮለች፤ ያንን ሳቅ እንደገና ፈለገችው። ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። ድምፁ እየወፈረ መጎተት ሲጀምር ነው የደነገጠችው።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ተሞልቷል። የክፍል ጓደኛዋ ሳሌም መጋረጃው አጠገብ አገኘቻትና «ፋዘር ዛሬ ሊቀውጡት ነው አሉ!» አለቻት። የትምወርቅ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ መጋረጃው ኋላ ገብታ የቴፑን ድምፅ ማውጫ ከመጋረጃው ማዶ ወደቆመው ማይክሮፎን አዞረች።

አቶ ጌጡ አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ከጊታራቸው ስድስት ክር የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ከሩቅ ግን አይታይም። እንደተስማሙት ለምልክት አንገታቸውን ሰበር ሲያደርጉ የትምወርቅ ቁልፉን ተጫነች። ከሃያ አራት ዓመት በፊት የተቀዳው ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

«ጓሳው እስኪከፈት፣ ሣሩ እስኪታጨድ፣
አንቺ ከሌለሽ እኔስ ወዴት ልሂድ።»

ሰዉ ለዓመታት ተከልሎ የሚቆየውን የጓሳ ሣሩን ስም ሲሰማ አጨበጨበ። በመጋረጃው ቀዳዳ የአባቷን ጀርባ አየችው፤ ቀጥ ብሏል። ጉልበታቸው ይወዛወዛል፣ እጃቸው ክሮቹን ይመታል፣ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል። አርባ ዓመት የሠሩበትን ሥራ እየሠሩ ነው። የትምወርቅ አምላኳን ለመነች፤ ይህችን አንድ ዘፈን ብቻ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ የቴፑ ቀይ መብራት ደበዘዘ። ድምፁ ከበደ። «አንቺ ከሌለሽ» የሚለው ተጎተተ፣ «እኔስ ወዴት» የሚለው እንደ በሬ እምቧታ ወፈረ። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። ሳቁ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወላጆቹም ጋ ደረሰ። ሳሌም አፏን በመዳፏ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቶ ጌጡ አፋቸውን ከሚጎተተው ድምፅ ጋር ሊያስኬዱ ሞከሩ፤ ቀስ ብለው ከፈቱት፣ ቀስ ብለው ገጠሙት። የትምወርቅ ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም። ቁልፉን ተጫነችና ቴፑን ዘጋችው።

አባቷ ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙና የቀረውን ቃል በራሳቸው ጉሮሮ ሊጨርሱ ተነፈሱ። ከማጉያው የወጣው አየር ብቻ ነበር። ደግመው ሞከሩ፤ አየር ብቻ። አቶ ቴዎፍሎስ ወጥተው ብቻቸውን አጨበጨቡ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ድራማ እንደሚቀርብ ተናገሩ። ያዘጋጁላቸውን የምስጋና ወረቀት መስጠት ረሱ፣ ወይም ተዉት።

ቤት ሲደርሱ አቶ ጌጡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተኙ። በማግስቱ ግን ማልደው ወጥተው አራት አዲስ ድንጋይ ይዘው ተመለሱ። ድንጋዮቹን ቴፑ ውስጥ ከተቱ፣ ካሴቱንም ጨመሩ፣ የቴፑን ሬዲዮ የትምህርቱ ጣቢያ ላይ አደረጉላት።

«የእንግሊዝኛው ትምህርት ሲጀምር ቅጂበት» አሉ። «ፈተና ደርሶ የለም እንዴ። ባዶ ካሴት ትፈልጊ ነበር።»

«ባዶ አይደለም» አለች።

«ባዶ ነው።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ትምህርቱ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። የትምወርቅ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አየችው። እሺ ብላ ሌላ ካሴት ለምና አምጥታ ትምህርቱን በዚያ ልትቀዳ፣ ይህንን ልትደብቀው ትችል ነበር። ግን ከመጋረጃ ኋላ የሚሠራ ነገር በቅቷታል። ካሴቱን አወጣችና ከመሶቡ አጠገብ ያለውን ቢላዋ አንሥታ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባባ፣ ድንጋዩን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ብቻዬን ስሰማው ዋልኩ።»

አቶ ጌጡ ወደ እሷ ዞሩ። ቁጣቸውን ጠበቀች።

«እስከ መጨረሻው?» አሉ በሹክሹክታ።

«እስከ ሳቁ።»

የቢላዋውን ጫፍ በአንደኛው ጥርስ ሥር አስገባች። የአባቷ እጅ ሊያስቆማት ተነሣ፣ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጥርሱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛው ትንሽ አስቸገራት፤ እሱም ተሰበረ። ከእንግዲህ በዚህ ካሴት ላይ የተሻለ ዘፈን አይቀዳም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

አቶ ጌጡ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ስባሪዎች ከወለሉ ለቀሙና መዳፋቸው ላይ አዩዋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልጠረጉትም። ሬዲዮው ትምህርቱን ጀመረ። የትምወርቅ ደብተሯን ገለጠችና መምህሩ የሚለውን በእጇ መጻፍ ጀመረች።