ነጎድጓድና የወንድሜ ልጅ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ቦታው ለሁላችንም ይበቃል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጩኸት ነው።

የወንድሜ ልጅ ከአባቷ ጋር ኤሌክትሮኒክስ ትጠግናለች። አንድ ቀን ጸጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ያቆመ፣ ጃኬቱን በመርፌ ቁልፍ የጠቀጠቀ ጎረምሳ፣ ከበሮ የሚመታ ማሽን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሱቃቸው ገባ። ጓደኞቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል።

«ማብሪያው ላልቷል፤ አጥብቂልኝ» አላት።

አስተቃቀፉን አይታ ፈገግ አለች።

እጀ ወርቅ ናትና አጠበቀችለት። ከፍታ ስታዳምጠው ግን ውስጡ እንደ እርጥብ እንጨት ይንጣጣል። «ይቺንማ ምርቃት» ብላ ሽቦውን በየደችው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ።

ነጎድጓድ ሊወስደው መጥቶ ሲከፍተው ክው አለ።

«መንጣጣቱስ?»

«ጠገንኩልሃ!»

«ገደልሽው እንጂ! ዘፈኔ እኮ እሱ ነበር!»

«ብልሽት ነው እንዴ ዘፈንህ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ይኼኔ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ… አብረን እናበላሸው?» አላት።

ማበላሸት ከመጠገን ይከብዳል ብላችሁ ታምናላችሁ? ስንት ከሰዓት በኋላ አንድ ማሽን ላይ አቀርቅረው ዋሉ።

«ትንሽ ይብስበት።»

«እንዲህ?»

«እሱ በዛ… እ! በቃ፣ እጅሽን አታንሺ!»

እጇን አላነሳችም። እሱም የሷን እጅ እያየ መስማቱን ረሳ።

ላግባት ሲል ግን ወንድሜ እንደ ድንጋይ ደረቀ። «መድረክ ላይ እንዲያ የሚያብድ ቤቱ ሲገባ ይተኛል? ልጄን አልሰጥም!»

«አባዬ፣ አንዴ እንኳ ሳትሰማው?»

«ከመንገድ ማዶ ይሰማኛል፤ ይበቃኛል።»

እኔ እህቱ ነኝ፣ መቼ እለቀዋለሁ? «ሳያዩ መፍረድ ነውር ነው» ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ነጎድጓድ ከጓደኞቹ ጋር ወደሚጫወትበት፣ ከመንገድ ማዶ ወዳለው አሮጌ መጋዘን ጎትቼ ወሰድኩት።

ልጆቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከበሮው ከወለሉ ተነስቶ በጉልበቴ ገባ። ማሽኑ ይንጣጣል፣ ነጎድጓድ ይጮሃል፣ ወጣቱ ሁሉ እየዘለለ ይጋፋል። ቁጣ ነው፤ ግን ደስ የሚል ቁጣ። የኔም ትከሻ አላስቀምጥ አለኝ።

ዞር ስል ወንድሜ የለም። ግፊያው ወስዶ መሬት ላይ ዘርሮታል!

ሙዚቃው ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ክብ ሠርቶ ቆመ። ዐሥር እጅ አንስቶ አቆመው፤ አንዷ ከንፈሯን አረንጓዴ የተቀባች ልጅ ተንበርክካ የወለቀ ጫማውን አጠለቀችለት። ነጎድጓድ ከመድረክ ዘሎ ወርዶ፣ «አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?» አለ። ያን ያህል ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አንድ ሽማግሌ ይጠብቃል።

ወንድሜ አቧራውን አራገፈ። ሮጣ የደረሰችውን ልጁን አየ፤ ነጎድጓድንም አየ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ቀጥል እንጂ!»

ይኸው ተጋብተው ይኖራሉ። ጩኸቱን ሁሉ ብትረሱት አይከፋኝም፤ ያቺን ዝምታ ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።