ሰማያዊው ድስት

ማንቆርቆሪያውን አጋድላ ማፍሰስ ከጀመረች በኋላ ነው ሽታው አፍንጫዋን የመታት። ትኩስ ውሃ መሆን ነበረበት። ውሃ ደግሞ ምን ሽታ አለው? ይኼ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት፣ አጥንት አጥንት ይላል። መረቅ ነው።

ልጅቷ እጇን ባለበት አቆመች። ድስቱ ውስጥ ያለው የምስር ሾርባ ላይ ትንንሽ የስብ ክቦች ተንሳፍፈው በመብራቱ ያብለጨልጫሉ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ በጭልፋው ልትጨልፋቸው ሞከረች። አንዱን ስታባርረው ሁለት ይሆናል። እንፋሎቱ ፊቷን እያራሰው፣ በሌላ እጇ የያዘችውን የጂኦግራፊ ደብተር ብብቷ ሥር ወሸቀችው።

«ተበላሁ!» አለች ለራሷ።

የእናቷ ምግብ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ጠባብ ቤት ናት። በበጋ ዝንብ እንኳ አይገባባትም። በረዶ መጣል ሲጀምር ግን አገር ምድሩ ይጎርፍባታል፤ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የሆስፒታል ነርሶች፣ ግንበኞች፣ ከቤተሰብ ርቀው የሚማሩ ተማሪዎች። ከተማው ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላበት ነውና ሁለት ደንበኞች በአንድ ቋንቋ ሲያወሩ መስማት ብርቅ ነው። የሚበሉት ግን ሁሉም ያንኑ የምስር ሾርባ ነው። አንዱ ሎሚ ይጨምቅበታል፣ አንዷ እርጎ ጣል ታደርግበታለች፣ ሌላው ዳቦውን ቆራርሶ አስጥሞ በማንኪያ ያሳድደዋል። ከዚያ ሁሉም «እናቴም እንዲህ ነበር የምትሠራው» ይላሉ። እናቷ ማንንም አታሳፍርም። «ታዲያስ፣ ልክ እንዲህ ነው» ትላቸዋለች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ በእሱ ቀልድ የለም። ድስቱ ሁለት ነው። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሥጋ ያለበት ሾርባ ነው፤ ሰማያዊ የታሰረበት ሥጋ በዞረበት ያልዞረ። ጭልፋቸው ለየብቻ፣ ማንቆርቆሪያቸው ለየብቻ፣ የሚታጠቡበት ስፖንጅ እንኳ ለየብቻ ነው። ሾርባው እየወፈረ ሲሄድ ቀዩ መረቅ ይጨመርበታል፤ ሰማያዊው የፈላ ውሃ ብቻ። ከሰማያዊው የሚበሉት ለምን ሥጋ እንደማይበሉ ማንም አይጠይቃቸውም። አንዳንዱ በእምነቱ ነው፣ አንዳንዱ በስለት፣ አንዷ ተማሪ ደግሞ እንስሳት ስለሚያሳዝኗት ብቻ። «ምክንያቱ የእነሱ ነው፤ ድስቱ የእኔ ነው» ትላለች እናቷ።

ጥፋቱ የተሠራው ከትምህርት ቤት እንደመጣች ነው። የቀዩ ማንቆርቆሪያ ውስጡ የተጋገረው ነጭ ቆሻሻ እንዲለቅ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ነበር። እናቷ «መረቁን አጥልይና ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጪው» አለቻት። ጎድጓዳው ሳህን አልታጠበም። ለማጠብ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ በነጋታው ደግሞ ፈተና አለ፣ የወንዞቹ ስም ገና ግማሹ አልተያዘም። «ለአንድ አፍታ ነው» ብላ መረቁን ሰማያዊው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመረችና ወደ ደብተሯ ሮጠች። ረሳችው። አጎቷ «ጥድፊያ» የሚላት ወዶ አይደለም።

አሁን እናቷ የለችም። በበረዶው ምክንያት የዳቦው መኪና ስለቀረ ራሷ ዳቦ ቤት ሄዳለች። ቤቱን የያዙት እሷና አጎቷ ናቸው።

አጎቷ በትከሻው በሩን ገፍቶ ገባ። «ሁለት ቀይ፣ ሦስት ሰማያዊ! ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው ብርድ ጨረሰው።»

«ጋሼ፣ ቅድም ከሰማያዊው ቀድተሃል?»

«አንድ ሳህን። ምነው?»

«መቼ?»

«አሁን፣ አንቺ ውሃ ከጨመርሽበት በኋላ። ምን ሆነሻል? ፊትሽ ነጭ ወረቀት መሰለ።»

ከአሥር ደቂቃ በፊትም ከዚሁ ማንቆርቆሪያ ጨምራለች። ያኔ ዐይኗም ልቧም ደብተሩ ላይ ስለነበር ሽታው አልመጣላትም። «ለማን ሰጠኸው?» አለች፤ መልሱን ሳይነግራት ታውቀዋለች።

«ለሰዓት ሠሪው ነዋ! በዚህ ሰዓት ሌላ ማን አለ?»

በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስተዋት አጮልቃ አየች። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ጥግ ካለው ጠረጴዛቸው ላይ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ወትሮ ሾርባ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የደነዘዙ ጣቶቻቸውን ሳህኑ ላይ ያሞቃሉ፤ ቀን ሙሉ በወረንጦ ጥቃቅን ብሎን ሲያሳድዱ የዋሉ ጣቶች ናቸው። እስኪሞቃቸው ማንኪያ አይነኩም። ልጅቷ በዚያ ተስፋ አድርጋ ነበር። ማንኪያው ግን እጃቸው ላይ ነው። ሳህኑ ተጋምሷል።

ለአጎቷ እየተንተባተበች ነገረችው። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ድስቱን በጭልፋ ገለጥ አድርጎ አየና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ እሳቱን አጠፋው፣ ድስቱን ከኋላ ገፋው፣ ላዩ ላይ ክዳን ደፋበት። ሁሉንም በእርጋታ አደረገው። እሷን የገረማት እሱ ነው።

«ስሚ» አላት። «ሰማያዊው አርሯል። ገባሽ? ሌላ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ማንም ሰው ከዚህ በኋላ ከዚህ ድስት አይበላም። አለቀ ደቀቀ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውማ በሉ! ከሆዳቸው ልታወጪው ነው?»

«ልንገራቸው።»

«እና ምን ይጠቅማቸዋል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ምንም አያውቁም። ባለማወቅ የበላ ሰው አልበላም ማለት ነው። የነገርሻቸው ዕለት ግን ሥጋ ላይበሉ የማሉትን መሐላ አፈረሱ። አፍራሿ ማን ሆነች? አንቺ። ላሽ በይው፣ የእኔ ልጅ። ደግሞ እናትሽን አስቢያት።»

ከሁሉ የከፋው ይኼ ነበር። ባለፈው ክረምት መንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት «ሁሉንም ከአንድ ድስት ነው የሚቀዳው» ተብሎ ተወርቶበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶውን ቀርቷል። አንዱ ሾፌር ጎራ ብሎ እናቷን «እናንተስ?» ሲላት፣ ሰው በሞላበት ቤት መሀል ቆማ «ሰማያዊውን የምትሞላው ልጄ ናት። ልጄን ታምናለህ አታምንም?» ብላው ነበር። ሾፌሩ አፍሮ ተቀመጠ። ልጅቷ ያን ቀን ቁመቷ የጨመረ መስሏት ነበር። አሁን ትዝ ሲላት ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጣት ወደደች።

አጎቷ ወጥቶ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማችው። «ይቅርታ ወገኖቼ፣ ሰማያዊው አርሮብናል! ትንሽ የሚታገሥ ሻይ በነፃ!» ሰው ሳቀ። አንዷ ነርስ «ታዲያ ሻዩም እንዳያርርብህ» አለችው። ነገሩ ሁሉ እንዴት ቀላል ሆነ? ልጅቷ አዲስ ምስር ታጥባ፣ የታጠበ ንጹሕ ድስት ላይ ጣደች። ሰማያዊውን ማንቆርቆሪያ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተገችው። እጇ ሥራ ሲይዝ ጭንቀቷ የሚቀንስ መስሏት ነበር። አልቀነሰም። አሁንም ሽታው ጣቶቿ ላይ ያለ ይመስላታል። አጎቴ ልክ ነው እያለች ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ ደግሞም ክርክሩን ከየት በኩል እንደምታፈርሰው አላወቀችም።

«ጥድፊያ! የጥጉን ሳህን አንሺ!» አለ አጎቷ።

ትሪውን ይዛ ወጣች። እንዳታያቸው ዐይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ቀረበች። ሳህኑ ተጠርጓል፤ ከዳር እስከ ዳር በዳቦ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«ዛሬ ምን ጨመራችሁበት?» አሉ ሰዓት ሠሪው።

ትሪውን አጥብቃ ያዘችው። «ምን?»

«ከወትሮው ይለያል። ጉልበቴ ድረስ ነው የወረደው።» ፊታቸው በሙቀቱ ቀልቷል፣ ደስ ብሏቸዋል። «እስኪ አንድ ጭልፋ ጨምሪልኝ።»

«አርሯል እኮ፣ አባባ!» አለ አጎቷ ከወዲያ ማዶ፣ ሁለት የቀይ ሳህኖች እንደያዘ።

«አሁን የበላሁት ካረረ፣ ሁልጊዜ ይረርላችሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብለው፣ ምስጢር እንደሚነግሯት ሁሉ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ነገ ታናሽ እህቴን ይዣት እመጣለሁ። እዚህ ከተማ ስትኖር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቤቷ ውጪ አንድ ጉርሻ ቀምሳ አታውቅም። ማንንም አታምንም። በዚህ ብርድ ብቻዋን፣ ብቻዋን። እኔ ግን ዛሬ እነግራታለሁ። 'አንድ ቤት አለ፣ እዚያ እንደ ቤትሽ ነው' እላታለሁ።»

ልጅቷ ቀና አለች። አጎቷ ከሽማግሌው ኋላ ቆሞ ራሱን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አታድርጊው ነው የሚላት። ከኩሽና አዲሱ ምስር መንተክተክ ሲጀምር ይሰማታል። ሳህኑን አንስታ «እሺ አባባ፣ ይምጡ» ብትል ይበቃል። ሦስት ቃል ነው። ከዚያ እህትየዋ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ እሷም ትቀዳላታለች፤ ሴትየዋም «እንደ ቤቴ ነው» ብላ ታምናለች።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። በሥራ ሰዓት ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ አታውቅም።

«አባባ፣ ሾርባው አላ...» እንደገና ጀመረች። «ሾርባው ውስጥ የአጥንት መረቅ ገብቶበታል። የጣፈጠዎት እሱ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማንቆርቆሪያ ተሳሳትኩ። ሳውቅ እርስዎ እየበሉ ነበር።»

የሽማግሌው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ነገሩ ገና እየደረሳቸው ነበር። ሲደርሳቸው በመሐረባቸው አፋቸውን ጠረጉ። አንዴ ጠርገው አልበቃቸውም፣ ደገሙት። ልጅቷ እንዲጮኹባት ፈለገች። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሥጋ አልቀመስኩም» አሉ ቀስ ብለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጣፍጦኝ ነበር» አሉ። «የሚያናድደኝ እሱ ነው።» ባዶውን ሳህን አዩት። «ሌላ ሰው በልቷል?»

«የለም። እርስዎ ብቻ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ዳቦ ልታመጣ ሄዳለች። አታውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ሌላ አላወቀችም። ተነሡና ካፖርታቸውን ቆለፉ፤ የሰዓት ጥቃቅን ብሎን የሚፈቱ ጣቶች በአንዲት ቁልፍ ላይ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ሒሳባቸውን አስቀመጡ። ስለ ነገም፣ ስለ እህታቸውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ልጅቷም አልጠየቀችም።

በሩ ላይ ከእናቷ ጋር ተገጣጠሙ። እናቷ ሁለት ከረጢት ዳቦ ታቅፋ፣ ትከሻዋ ላይ በረዶ ተቆልሎ ነበር። ልጅቷ በመስኮቱ ስታያቸው ሽማግሌው ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው አንድ ቃል ብለው አለፉ።

እናቷ እግሯን እያራገፈች ገባች። «ሰዓት ሠሪው ምን ሆነዋል? 'ደህና አምሺ' ብለውኝ ብቻ ሄዱ። ሌላ ጊዜ ሳይተርቡኝ አያልፉም እኮ!»

አጎቷ ከልጅቷ ቀደመ። «ሰማያዊው አረረብን፤ ድጋሚ ፈልገው አጡ። እሱ ነው። አዲስ ጥደናል፣ አታስቢ።»

እናቷ ፊቷ ፈታ አለ። «አቤት፣ እኔስ ክፉ ነገር መስሎኝ! ምስር እንደሆነ ሞልቷል።» ወደ ልጅቷ ዞራ በቀዘቀዘ ጣቷ ጉንጯን ቆነጠጠቻት። «ስታጠኚ ረሳሽው አይደል? ይሁን፣ ስለ ፈተናው ብዬ ዛሬን ምሬሻለሁ።»

አጎቷ ከኋላ ጠቀሳት። ይኸው፣ አለፈ ማለቱ ነው። እናቷ እያንጎራጎረች ወደ ኩሽና አመራች። ልጅቷ ጉንጯ ላይ የእናቷ ጣት ቅዝቃዜ እንዳለ ቆመች። ይቅር የተባለችው ላልሠራችው ጥፋት ነው፤ የሠራችው እዚያው ክዳን ተደፍቶበት ተቀምጧል። ተከትላት ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«እማ» አለች። «አላረረም።»

እናቷ ዞረች። ፊቷን ካየች በኋላ ዳቦውን አስቀመጠች፣ የአንገት ልብሷን ፈታች፣ ከምስሩ ሥር ያለውን እሳት ዝቅ አደረገች።

«ንገሪኝ» አለቻት።

ልጅቷም ጎድጓዳውን ሳህን ሳታጥብ ከተወችበት ጀመረች።