ትቆይ የተባለች መኪና

ጡረተኛው መምህር ተንበርክኮ ነው የሞተው። በሕይወቱ ለማንም ያልተንበረከከ ሰው፣ የትንሿን ቀይ የስፖርት መኪና መብራት ሊወለውል በርከክ እንዳለ፣ ደረቱ በፓራውልቷና በጋራዡ ግድግዳ መካከል ተጨፍልቆ ተገኘ። ወለሉ ወደ ግድግዳው ያዘቀዝቃል። ከጎማዋ ፊት መኖር የነበረበት የእንጨት ታኮ ጥግ ላይ ተጥሏል።

መርማሪዋ ስትደርስ አራት ፖሊሶች መኪናዋን ወደ ኋላ ቢገፉ፣ ቢገፉ አልነቃነቅ ብላቸው ላብ በላብ ሆነዋል። መርማሪዋ አጭር፣ ዝምተኛና ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ጋቢና ገብታ ጥቂት ቆይታ ወጣች።

«አሁን ግፉ» አለች። መኪናዋ ተገፋች።

ከፖሊሶቹ አንዱ፣ ወጣቱ፣ ግን ጉዳዩን ዘግቶት ነበር፤ መኪናዋን የሚንከባከበውን መካኒክ በካቴና አስሮታል። «ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል» አለ።

«የተጨቃጨቅነው በጎማ ነው!» አለ መካኒኩ። «ደርቋል፣ ይቀየር አልኩት፤ ‹አብሯት የመጣው ጎማ ካልሆነ ዋጋ የላትም› አለኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ ኢንስፔክተር። በጎማ ሰው ይገደላል?»

«ለምን እንዲህ ይሳሳላት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«እኩዮቿ ሁሉ በጎረምሳ እጅ አልቀዋላ! ያልተነካች እሷ ብቻ ናት። ዛሬ አሮጌ መኪና ናት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል።»

«ስታቆሟትስ እንዴት ነው?»

«ማርሽ ይገባላታል፣ ታኮ ይደረግላታል። የእጅ ፍሬን አይነካም። መኪና ብዙ ጊዜ ሲቆም ፍሬኑ ዝጎ ይጣበቃል። ይህን ያስተማረኝ ሟቹ ነው።»

የሟቹ ሚስት ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። «በሕይወቴ ገብቼባት አላውቅም» አሉ። «ሰፊውን ክፍል አፍርሶ ለሷ ጋራዥ አደረገው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት መስኮት በሌለው ክፍል ኖርኩ። እንሽጣት ስለው ‹ትቆይ› ይለኛል። እሷ ትቆይ፤ እኔስ? የቆጡን አወርድ ሲል የብብቱን ጣለ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም እዚያው ቤት የሚኖር የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው።

«መኪናዋን ማን ነው የገዛት?» አለችው መርማሪዋ።

«እኔ፤ በሃያ አራት ዓመቴ። ሥራ ፍለጋ ርቄ ስሄድ ለወንድሜ አደራ ሰጠሁት። ስመለስ ‹ከተነዳች ዋጋዋ ይወርዳል› አለኝ። ቆይ ሲለኝ፣ ቆይ ሲለኝ ይኸው ሸበትኩ።»

«አልጠሉትም?»

«ወንድሜ ነው» አለና አቀረቀረ።

መርማሪዋ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰብስባ በሩን ዘጋች። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ሆዳቸውን ስበው ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል።

«በየተራ ትገባላችሁ» አለች። «ፖሊሶቹ አንድ እርምጃ ይገፏታል። አቁማችኋት ትወጣላችሁ።»

ካቴናው የተፈታለት መካኒክ አቆማት፣ ማርሽ አስገባ፣ ወርዶ ታኮውን አደረገ። ሚስትየው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው አለቀሱ፤ ፖሊሶቹ ራሳቸው ይዘው አቆሙላቸው። አሠልጣኙ ሲገባ ፊቱ ለአፍታ የልጅ ፊት መሰለ። መኪናዋ ተገፋች፤ አቆማት። ከዚያ ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እጅዎን እዚያው ይተዉት» አለች መርማሪዋ። «ጠዋት ስመጣም የእጅ ፍሬኑ እንዲሁ እስከ ጫፍ ተስቦ ነበር። አራት ሰው መግፋት ያቃተው ለዚህ ነው። በራሷ ተንከባልላ ቢሆን ፍሬኑ ወርዶ ይገኝ ነበር። አስቀድሞ ተስቦ ቢሆን ደግሞ አትንከባለልም ነበር። ስለዚህ የተሳበው ሟቹን ከመታችው በኋላ ነው፤ ውስጧ ሰው ነበረ ማለት ነው። መካኒኩ ይህን ፍሬን አይነካም። ሚስትየው መኖሩንም አያውቁም። ‹ሳትወርድ በፊት የእጅ ፍሬን!› እያለ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ላይ የሚጮኸው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አሠልጣኙ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ» አለ። «ዛሬ ጠዋት አንድ ዙር ብቻ ልንዳት ብዬ ለመንኩት። ቀና ብሎም አላየኝም። ‹ትቆይ› አለኝ። ታኮውን ረገጥኩት፤ ገብቼ ማርሹን ፈታሁት።» እንባው መጣ። «ኢንስፔክተር፣ እስከ ጣቢያ እኔ ልንዳት?»

«ማስረጃ ናት» አለች መርማሪዋ። «ትቆያለች።»

ካቴናው ወደ አሠልጣኙ እጅ ዞረ። መካኒኩ የእጁን አንጓ እያሻሸ ጋቢና ገባ፤ ማርሽ አስገብቶ ፍሬኑን አወረደ፣ ታኮውን ከጎማዋ ፊት አደረገና ወደ ልጆቹ ሄደ።